መሪጌታ ከሐሙስ በፊት እንዳይሞቱ

ሰኞ፣ ጥር ፳፯ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጎረቤቴ መሪጌታ ዳኘው ሊሞቱ እንደሆነ ተነገረኝ። ሰዓቱን በትክክል የማስታውሰው ስለ ደነገጥሁ አይደለም፤ የዝናብ መለኪያዬን ለማየት የምወጣው ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነው። በጥር ወር ፍኖተ ሰላም ላይ ዝናብ እንደማይጥል አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አለመጣሉንም ቢሆን በዓይኑ አይቶ የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት፣ ያ ሰው እኔ ነኝ።

ወሬውን ያመጡልኝ የመሪጌታ ባለቤት እትዬ ስመኝ ናቸው፤ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው።

«መምህር፣ እርሳቸው እኮ አለቁ» አሉኝ። «ሲያቃስቱ ነው ያደሩት። ገላቸው እሳት ነው፤ ጎኔን ወጋኝ ይላሉ። ዛሬን የሚውሉም አይመስለኝ።»

ጨዋ ሰው ጎረቤቱ ሊሞት መሆኑን ሲሰማ መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ስለ ጎረቤቱ ነፍስ ነው። ዩኒቨርሲቲም የገባ ሰው ከሆነ፣ ነፍስ አለች ወይስ የለችም በሚለው ላይ ጥቂት ተከራክሮ፣ ከዚያ ስለ ነፍሱ ማሰብ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ድንኳን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የእኔ ግቢ ሜዳ ነው። ዛፍ የሚባል የለበትም፤ የዝናብ መለኪያ አጠገብ ዛፍ ካለ ቅጠሉ ጠብታውን ስለሚጠልፈው፣ የነበሩትን ሁሉ ከሥራቸው አስነቅያቸዋለሁ። የጎረቤቶቼ ግቢ ደግሞ አቮካዶና ጌሾ የሞላበት፣ የቀረውም ቁልቁለት ነው። ስለዚህ በሰፈራችን ሰው ሲሞት የዕድሩ ድንኳን የሚተከለው እኔ ሜዳ ላይ ነው። ፈቃዴን የሚጠይቅ የለም፤ ሊጠይቅም አይገባም። ሰው ሞቶ ሜዳዬን አልሰጥም የሚል ጎረቤት በፍኖተ ሰላም ገና አልተወለደም፤ የመጀመሪያው ልሆን አልሻም።

ችግሩ በዚያ ሰሞን በሜዳው እምብርት ላይ የትርንጎ ሣጥን መቆሙ ነበር።

ትርንጎ የማንኩሳ ልጅ ናት። ጂኦግራፊ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ ይህን ለማንም ደጋግሜ እናገራለሁ። በዚያ ጊዜ ስለ ደመናና ስለ ጢስ የዶክትሬት ጥናት ትሠራ ነበር። ሣጥኑ ሊዳር ይባላል። ነጭ ነው፤ ወገብ ድረስ ይደርሳል፤ አናቱ ላይ መስኮት አለው። በመስኮቱ ወደ ሰማይ የሌዘር ብርሃን ይልካል። ብርሃኑ በአየር ላይ የተንሳፈፈ አቧራ፣ ጢስ ወይም የደመና ጠብታ ሲያገኝ ጥቂቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ሣጥኑም ለመመለስ ከፈጀበት ጊዜ ተነሥቶ ብናኙ በምን ከፍታ ላይ እንዳለ ያሰላል። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የሚጮኽና ማሚቶው እስኪመለስ ጆሮውን የሚያቆም ሰው አስቡ፤ ልዩነቱ ሣጥኑ የሚጮኸው በብርሃን መሆኑ ነው።

የትርንጎ ጥያቄ ይህ ነበር፦ በበጋ ከዓባይ ማዶ ያለው ቆላ ሲቃጠል፣ ጢሱ ወደ እኛ ደጋ ሽቅብ መጥቶ ደመናችንን ምን ያደርገዋል? ጢስ የገባበት ደመና ጠብታው ይበዛል፣ መጠኑ ግን ያንሳል፤ ያነሰ ጠብታ ደግሞ ዝናብ ሆኖ ለመውረድ ይለግማል ይላሉ የመስኩ ሊቃውንት። ይህን ለማወቅ ሣጥኑ ከታች ሽቅብ ሲያይ፣ ሌዘር የተሸከመች ሳተላይት ደግሞ ያንኑ አየር በዚያው ቅጽበት ከላይ ቁልቁል ማየት አለባት። ሳተላይቷ በሰፈራችን አናት የምታልፈው ከሁለት ሳምንት በላይ እየቆየች ነው። አንዱን ጊዜ መብራት ጠፍቶ፣ ሌላውን ጊዜ ድፍን ደመና መጥቶ አምልጦናል። የቀረችን የካቲት ፯፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የምታልፈው ናት። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ወደ አበዳሪዎቹ አገር ይመለሳል። ባጭሩ፣ ትርንጎ ያለ ሐሙስ ዲግሪ የላትም።

ሣጥኑን ወደ ሌላ ቦታ ማንሣት አይቻልም ወይ ትሉኛላችሁ። አይቻልም። እኔው በውኃ ልክ ባስተካከልሁት የሲሚንቶ መደብ ላይ ታስሮ ነው የቆመው፤ አንድ ጊዜ ከተነቃነቀ መስተዋቶቹን መልሶ ማቃናት ሳምንት ይፈጃል። ሲሚንቶውን ያስተካከልሁት ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይደለም፤ ግንበኛውን ሁለት ጊዜ አፍርሰህ ሥራ ብዬው፣ በሦስተኛው መዶሻውን ሰጥቶኝ ሄዷል።

እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱ። እንደ እኔ ያለ ሰው ቢሞት በሠልስቱ ድንኳኑ ተጠቅልሎ ይገባል። መሪጌታ ዳኘው ግን በየደብሩ ደቀ መዝሙር ያላቸው የቅኔ መምህር ናቸው። ከቡሬ ይመጣል፤ ከጅጋ ይመጣል፤ ከየገዳሙ በእግሩ ይመጣል። የመጣው ሁሉ አልቅሶ ብቻ አይሄድም፤ ቅኔ ይቀኛል፤ ቅኔውም ይፈታል፤ በአፈታቱም ላይ ክርክር ይነሣል። እሳቸው ከሞቱ ያ ድንኳን ሐሙስን አልፎ ሌላ ሐሙስ ያያል።

ስለዚህ መሪጌታ መሞት የለባቸውም። ቢያንስ ከሐሙስ በፊት።

ከእኚህ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ ተኳርፈን እንደ ነበር መናገር አለብኝ። የአቮካዷቸው ቅርንጫፍ አጥር ተሻግሮ ወደ ዝናብ መለኪያዬ ቢያዘነብል፣ ይቆረጥልኝ ብዬ ለቀበሌ አመልክቼ ነበር። እሳቸውም ለቀበሌው፣ «የሚያዘንበው ሳይለካ የሚሰጠውን፣ ተቀባዩ ምን ቤት ነኝ ብሎ ነው የሚለካው?» ብለው መልስ ሰጡ። ቀበሌው ነገሩን ለኮሚቴ መራው። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ቅርንጫፉ ሁለት ጊዜ አፈራ።

ያን ጠዋት ግን ኩርፊያዬን ትቼ፣ ቤት ውስጥ ያገኘሁትን ቴርሞሜትር ይዤ ሮጥሁ። የአየር ሙቀት መለኪያ መሆኑን የተገነዘብሁት ብብታቸው ሥር ላስገባው ስታገል ነው፤ ከእንጨት ሰሌዳው ጋር ነበርና አልገባ አለኝ። መሪጌታ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የሙቀት መለኪያ ነው፣ መሪጌታ።»

«ዝናቡን ጨርሰው ወደ እኔ መጡ?» አሉና ዓይናቸውን መልሰው ከደኑ።

ክፍሉ በጢስ ታፍኗል። ማድቤቱ ከመኝታው ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፤ ግድግዳውም ጣራ ድረስ አይደርስም። መስኮቱን በረገድሁት። እትዬ ስመኝ ጮኹ።

«ኧረ ነፋስ! ኧረ ሰውየውን ገደሉብኝ!»

«እትዬ ስመኝ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ጢስ ከዓባይ ማዶ ከሚመጣው ሁሉ የባሰ ነው። ሳንባቸው ውስጥ የሚገባው ይኸው ነው።»

«ጢሱ የራሳችን ነው፤ ምንም አያደርጋቸው። የሰው አገሩ ነፋሱ ነው!» አሉና መስኮቱን ዘጉት።

ከፈትሁት። ዘጉት። በመጨረሻ እሳቸው ሲወጡ የምከፍተው፣ ሲመለሱ የምዘጋው ሆኖ ተስማማን፤ ማለት እኔ ተስማማሁ፤ እሳቸው አያውቁም።

ከዚያ ባጃጅ ይዤ የማውቀውን የጤና መኰንን ከቤቱ አመጣሁት። ደረታቸውን አዳምጦ የሳንባ ምች ነው አለ። ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ ቢላቸው፣ «እኔ ከዚህ የምነሣው በቃሬዛ ነው» አሉት። ክኒን አዘዘና ደጅ አወጣኝ።

«መድኃኒቱን በሥርዓት ከወሰዱ ይድናሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» አለኝ። «ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል፤ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።»

«እስከ ሐሙስ ይደርሳሉ?»

«ምነው? ሐሙስ ሦስት ቀን አይደል?»

«የፊታችንን አይደለም። የሚመጣውን ሳምንት ሐሙስ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ለምን ሐሙስ?»

«ለምሳሌ ያህል ነው» አልሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍሁት እኔና የእግሬ ጫማ ብቻ እናውቃለን። ክኒኑ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። እኔ ደግሞ ሰዓት ሲባል ደቂቃው የሚገባኝ ሰው ነኝ። እጄን ከሰዓቴ፣ ዓይኔን ከአጥሩ ሳልነቅል እቆይና፣ ሲደርስ ብርጭቆ ውኃ ይዤ ከተፍ እላለሁ። ቁጭ ብዬ መጽሐፍ ልግለጥ ስል ሳላቸው ይሰማኛል፤ እነሣለሁ። ሳላቸው ሲጠፋ ደግሞ ይብስብኛል፤ አጥሩ ሥር ቆሜ እስኪያስሉ እጠብቃለሁ።

ረቡዕ ዕለት፣ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ ነኝ፤ ክኒን ይቅርና ምራቄንም አልውጥም» አሉ። ለመንሁ፤ እንቢ አሉ። ሮጬ የንስሐ አባታቸውን አመጣሁ። አባ፣ ለታመመ ሰው የተፈቀደ መሆኑን በትሕትና አስረዱ። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«እኚህን ልጅ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ይህን ግን አላስተማርኳቸውም።»

ክኒኑን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋጡ። በበኩሌ የዋጥሁት ንዴት ልክ የለውም።

ሰፈሩ ግን በእኔ ተገረመ። ሰው አስቀድሞ ቆሞ ሰላም ይለኝ ጀመር። አንዳንዱ፣ ዘመኔ ስለ ተቃረበ ንስሐ መግባቴ መሆኑን ተናገረ። ሌላው ዓይኔን አቮካዶው ላይ እንደ ጣልሁ ጠረጠረ። ከሁሉ የከፋው የአንድ ለአምስት ጠርናፊያችን ነው፤ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ በሞዴል ጎረቤትነት ልናቀርብዎት ነው፤ ተሞክሮዎን ለቀበሌው እንዲያካፍሉ» አለኝ። ተሞክሮዬን! «ጎረቤትህን ውደድ፣ ሳተላይት እስክታልፍ» ልበል? ጊዜ የለኝም ብዬ ሸኘሁት፤ ትሕትና ነው ብሎ ይበልጥ ተደነቀ።

እሑድ ዕለት ትርንጎ ልትጠይቃቸው ገባች። ልጅቱ ቅን ናት፤ ቅንነቷን ግን መቼ እንደምትከድነው አታውቅም።

«የኔታ፣ እንኳን ተሻለዎት» አለቻቸው። «ጋሼም እንቅልፍ አጥተው ነበር። እስከ ሐሙስ ብቻ እግዜር ያቆይልን እያሉ።»

መሪጌታ ትራሳቸው ላይ ተደገፉ። «ሐሙስ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

ነገረቻቸው። ሳተላይቷን፣ ሣጥኑን፣ ሜዳውን፣ ድንኳኑን፤ አንድም ሳታስቀር። እኔ በሩ ላይ የአጥሚት ኩባያ ይዤ ቆሜያለሁ። መሪጌታ ሁሉንም በጥሞና ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ስለዚህ የተፈቀደልኝ ዕድሜ እስከ ሐሙስ ነው።»

«መሪጌታ፣ እግዚአብሔር ብዙ ዘመን ያቆይዎት።»

«ከሐሙስ ወዲያስ? ዓርብ ጠዋት ማን ነው አጥሚት የሚያመጣልኝ?»

ኩባያውን አልጋቸው አጠገብ አስቀመጥሁ።

«እንግዲያስ ስሙኝ፣ መምህር» አሉ፤ ድምፃቸው ድንገት በረታ። «የዚያን የአቮካዶ ክስ ከቀበሌ ያንሡ። አጥሚቱ ማር ይግባበት፤ የገበያው ሳይሆን ያ ከጓዳ የደበቁት ነጩ። ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ ያነቡልኛል፤ አሜን አሜን እያልሁ የምሰማው እንዳይመስልዎት፣ ስሕተቱን እያረምሁ ነው የምሰማው። ይህ ሁሉ ካልሆነ ረቡዕ ማታ እሞታለሁ።»

«የኔታ!» አለች ትርንጎ አፏን ይዛ።

«ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ፣ በሽተኛ ነኝ፤ ሞት እንደ ሆነ ደጄ ነው። ና ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።»

በማግስቱ ሰኞ ክሱን አነሣሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር የዕርቅ ምሳሌ ነው ብሎ ጨበጠኝ። ነጩንም ማር አወጣሁት። ጋዜጣውን አነበብሁ፤ የልማት ዜናውን እያስደገሙኝ፣ «ይህ ዐረፍተ ነገር ማሠሪያ አንቀጹ የት አለ?» እያሉ አላገጡብኝ፤ ልክ መሆናቸው ነበር የሚያንገበግበኝ። ማክሰኞ ቆመው ሄዱ። ረቡዕ ዘንጋቸውን ይዘው አጥሩ ድረስ መጡና የእኔን ሜዳ ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ አየኋቸው። ምን እንዳሰቡ አልጠየቅሁም። ልጠይቅ ይገባኝ ነበር።

ያን ዕለት መብራት ጠፋ። የትርንጎ ጄኔሬተርም ሲነሣ እንደ ሰው ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ዝም አለ። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ተቃጥሏል። ሱቁ ሁሉ ተዞረ፤ ልኩ ፍኖተ ሰላም ላይ ጠፋ። ቡሬ የእህል ነጋዴና ወፍጮ የሞላባት ከተማ ናትና እዚያ አይጠፋም ተባለ። ሐሙስ ማለዳ እኔና ትርንጎ በሚኒባስ ወደዚያው ሄድን፤ እኔ የሄድሁት ባለ ሱቁ «ይኸም ይሆናል» ሲል የሚከራከር ሰው ስለሚያስፈልግ ነው።

ካንዴላው ተገኘ። መመለሻው ነው የጠፋው። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነቃነቅም፤ ረዳቱም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። አንድ ሰው ሲገባ፣ «አንድ ሰው!» ይላል።

«ልጄ፣ አንድ ሰው ስትል ከተቀመጥን ስንት አንድ ሰው ገባ?» አልሁት።

«አባባ፣ የቀረው አንድ ነው» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ኃፍረት የሚባል የለም።

በመጨረሻ ተነሣን። ማንኩሳ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቆመና ከጣራው የጤፍ ጆንያ ማውረድ ጀመሩ። የጆንያው ባለቤት፣ «አንዱ የኔ አይደለም» አለ። ትርንጎ ሰማዩን ታያለች፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ አንዲት ደመና የለችም። እንደዚያ ያለ ሰማይ አግኝቶ ከጆንያ ጋር መቆም ሰውን ያሳብዳል።

«ጋሼ፣ እንደርሳለን?» አለችኝ ቀስ ብላ። ድምፅዋን ስሰማ፣ ያን ጊዜ ከክፍል ኋላ ወንበር ላይ እጇን ታወጣ የነበረችውን ልጅ አየኋት። እንደርሳለን አልኋት። እኔ እርግጠኛ ያልሆንሁበትን ነገር የምናገር ሰው አይደለሁም።

ከአስፋልቱ በባጃጅ ወደ ሰፈር ስንታጠፍ ሜዳዬ ላይ ድንኳኑን አየሁት።

ተተክሏል። ዙሪያው ሰው ነው። ከባጃጁ የወረድሁ አይመስለኝም፤ የወደቅሁ ነው የሚመስለኝ። እዚህ ላይ እኔ ራሴ የማልጠብቀው ነገር ሆነ፦ ሳተላይቷም ሣጥኑም ከአእምሮዬ ጠፉ። ባርኔጣዬን መሬት ላይ ወርውሬ፣ ደረቴን እየደቃሁ፣ «መሪጌታዬን! እኔን! መሪጌታዬን!» እያልሁ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጮኽሁ። ትርንጎም ፊቷን በሻርፕዋ ሸፍና ተከተለችኝ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቆመ።

ከድንኳኑ ውስጥ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«መምህር፣ ማን ሞቶ ነው?»

በላይኛው ወንበር ላይ፣ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ የጠጅ ብርሌ ይዘው ተቀምጠዋል። እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

«የምስጋና ዝክር ነው!» አሉኝ እትዬ ስመኝ ከኋላዬ። «ከሞት ስለ ተነሡ። ስለ እርስዎ ውለታ፣ እርስዎ ሜዳ ላይ ይሁን አሉ። ሲመለሱ ዱብ እንድንልብዎት ነው!»

በድንኳኑ መካከል ሣጥኑ ቆሟል። ንጹሕ የጠረጴዛ ልብስ አልብሰውታል፤ በላዩም ትልቅ ድፎ ዳቦ ተቀምጧል። አንድ አዛውንት ዳቦውን እያሳዩኝ፣ «ይህን የመሰለ ልክ የሆነ ጠረጴዛ በሰፈሩ የለም» አሉ። አልዋሽም፣ በዚያም ጭንቀት ውስጥ ትንሽ ደስ አለኝ።

«የኔታ!» ትርንጎ እንባዋ መጣ። «ሳተላይቷ አሁን ልትደርስ ነው! ሸራው ብርሃኑን ይጋርደዋል!»

መሪጌታ ከልባቸው ተገረሙ፤ ወይም የተገረሙ መሰሉ። «ሰማይን ሰንጥቆ የሚሄድ ብርሃን አንድ ሸራ ያቅተዋል?»

«ያቅተዋል፣ የኔታ!»

«እንግዲያው ምኑን ብርሃን ሆነ?»

«ድንኳኑ ይነቀል!» አልሁ።

የዕድሩ ንብረት ኃላፊ አቶ አንማው ከአንዱ ምሰሶ አጠገብ ተነሡ። «አይቻልም፣ ጋሼ። ሕጉ፣ ‹የተተከለ ድንኳን ምርቃት ሳይፈጸም በማናቸውም ምክንያት አይነቀልም› ይላል።»

«ማነው እንዲህ ያለ ደረቅ ሕግ የጻፈ?» አለች ትርንጎ።

ሁሉም ወደ እኔ ተመለከተ። የጻፍሁት እኔ ነኝ። «በማናቸውም ምክንያት» የምትለዋን እንድትገባ ግማሽ ቀን ተከራክሬያለሁ።

መሪጌታ ብርሌያቸውን አስቀመጡና ትርንጎን አዩአት። ልጅቱ አሁን አታለቅስም፤ ጄኔሬተሩ ሥር ተንበርክካ ካንዴላውን እየገጠመች ነው። ሽማግሌው ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ቆሙ።

«አይነቀል እንግዲህ። ሕግ ነው። ሰው ግን ሞልቷል። ተሸከሙት!»

ወንዱ ሁሉ ተነሣ። አንዱ ምሰሶ ያዘ፣ አንዱ ገመድ ያዘ፤ «በል! በል!» ተባለና ድንኳኑ እንደ ቆመ መሄድ ጀመረ። ሊቃውንቱ የጀመሩትን ወረብ አላቋረጡም፤ ከድንኳኑ ጋር እያዘገሙ ዘለቁ። መሪጌታ ከሥሩ እንደ ጳጳስ ይራመዳሉ። ተቀምጠው የቀሩት ሴቶችና ሽማግሌዎች ጥላቸው ሲሄድባቸው ሳህናቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ቀሩ። ዳቦው ተነሣ፤ ልብሱ ተገፈፈ፤ ጄኔሬተሩ ጮኸ፤ ሣጥኑ ሰማይ አየ። ትርንጎ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፋች። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ደርሰናል! አልሁ፤ ጮኼ ሳልል አልቀረሁም።

ያን ጊዜ ጢሱ መጣ።

ለካ ድንኳኑ ከነፋሱ ወገን የተጣዱትን ሦስት ጎላዎች ጋርዷቸው ኖሯል። ሸራው ሲነሣ የማገዶው ጢስ ሜዳውን አቋርጦ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ አናት ተጓዘ። ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን ስንጠብቅ ከአጥር ሥር መጣብን። አንድ ያልታሰበበት ነገር መታረም አለበት ብዬ፣ ባለ ውኃውን ጀሪካን አንሥቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሮጬ፣ ሦስቱም ምድጃ ላይ ደፋሁት።

«ጋሼ፣ ተዉት! ተዉት!» የትርንጎ ድምፅ ነው።

ውኃ የነካው ፍም ምን እንደሚያደርግ ተማሪ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ነጭ፣ ወፍራም፣ የሰፈሩን ጣሪያ ሁሉ የሚያክል የእንፋሎትና የጢስ ዓምድ ተምዘግዝጎ ወጣ። እትዬ ስመኝ፣ «ወጡን! ወጡን አጠፋብኝ ይኸ ሰውዬ!» እያሉ በማማሰያ አባረሩኝ። ሳተላይቷ ያለፈችው በዚያች ደቂቃ ነው።

ትርንጎ ከኮምፒውተሩ ቀና አላለችም። መሪጌታ ከድንኳኑ ተመልሰው መጥተው፣ በትከሻዋ በኩል አጎንብሰው የማይገባቸውን ቀይና ቢጫ መስመር ለረጅም ጊዜ አዩ።

«አለፈች?»

«አለፈች፣ የኔታ።»

«ሳትበላ?»

ትርንጎ መጀመሪያ ያለቀሰች መሰለኝ። ስትስቅ ነው። ከዚያ ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ፤ እኔም አመድ እንደ መሰልሁ ሳቅሁ። ልጅቱ ዓይኗን ጠርጋ፣ ሣጥኑ አጠገቡ ያለውን አየር አጥርቶ እንደማያይ፣ ከላይ ግን ከተራሮቻችን በላይ አንድ የጢስ ንጣፍ እንደ ተመዘገበ ነገረችኝ። «ይህ ከቆላው የመጣው ነው?» አልኋት። «ወይ ከቆላው ነው፣ ወይ ከእርስዎ» አለችኝ።

በማግስቱ ዓርብ ሣጥኑ ተፈትቶ ተጫነ። ትርንጎ ስትሄድ ሜዳው ባዶ ሆነ። እኔ ግን የክኒኑ ሰዓት ሲደርስ ውኃ ይዤ አጥሩን ስዞር ራሴን አገኘሁት። ክኒኑ ካለቀ ሁለት ቀኑ ነው። መሪጌታ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ሐሙስ እኮ አለፈ፣ መምህር።»

«አውቃለሁ።»

በርጩማውን በዘንጋቸው ገፋ አደረጉልኝ። «ጋዜጣውን አምጥተዋል?»

አላመጣሁም ነበር። ተመልሼ አመጣሁ።

የሳተላይቷ መረጃ ከሳምንታት በኋላ ደረሰ። እርሷም በዚያው ከፍታ ላይ ያንኑ ንጣፍ አይታዋለች። ከትርንጎ አማካሪዎች አንዱ ከምዕራብ ቆላ የመጣ ጢስ መሆኑ አያጠራጥርም አለ፤ ሌላው ከሥሩ እንዲያ ያለ እሳት እየጠፋ፣ በቀትር ሙቀት ሽቅብ የሚወጣው አየር የት እንደሚያደርሰው አይታወቅምና ሊታመን አይችልም አለ። ፈታኞቹ ምዕራፉን አሳለፉላት፤ በመሣሪያው ዙሪያ የነበረውን ሁኔታ ሳትደብቅ እንድትጽፍ ግን አዘዟት። ጻፈች፤ ተመረቀችም።

ሳይፈቱ የቀሩት ሁለት ናቸው። የካቲት ፯ ቀን በሰፈራችን ሰማይ ላይ የታየው ጢስ ከየት እንደ መጣ አልታወቀም። መሪጌታ ዳኘው ድንኳኑን እዚያ ያስተከሉት አውቀው ይሁን ሳያውቁ፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁሉ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።